ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ቤት

ከሥዕሎቹ አዳራሽ አንስተው ምድር ቤት ወዳለው የጌም ክፍል ሲያዛውሩኝ አኩርፌ ነበር። የሙዚየም ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ «እባክዎ አይንኩ» ማለት ነው፤ በሌላው ብታሙኝ በዚህ አልታማም። እዚህ ግን ጎብኚው እንዲነካ፣ እንዲጫን፣ ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ ጋብዢ አሉኝ። «ጌም ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው ሙዚየም የሚገባው?» ብዬ ለክፍሉ ኃላፊ ፊት ለፊት ነገርኩት። «ጥበብ ስለሆነ» አለኝ። እሱ ሁሉንም ነገር በሁለት ቃል ነው የሚጨርሰው።

አባባ ሾፌርን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጠባቂዎቹ ነን። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ረዥም፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ደስ ሳይላቸው ነው። በክፍሉ ካሉት ጌሞች አንዱን የሠራችው ልጃቸው ናት። ራቅ ያለ ከተማ ስለምትሠራ «ሥራዬ ሙዚየም ገብቷል፣ ሄደህ እይልኝ» ብላ ደውላላቸው ነበር።

«ልጅ እያለች ስንት ጊዜ ገመዱን ነቅዬባታለሁ መሰለሽ» አሉኝ። «በጨዋታ ማን ያልፍለታል እያልኩ። እናቷ ናት እኔ ዞር ስል መልሳ የምትሰካላት።»

የልጅቱ ጌም ጥይት የለው፣ ሩጫ የለው። አንድ ቤት ነው። ግቢውን አቋርጦ፣ በር ከፍቶ ሳሎን መግባት፣ ክፍሎቹን መዞር፣ ዕቃ አንስቶ ማስቀመጥ፣ በቃ። በሩ ሲከፈት ከጓዳ የሚሰማው የስፌት መኪና ለአፍታ ይቆማል፤ የሴት ድምፅ «ማነው?» ይላል፤ መኪናው ይቀጥላል። ድምፁን ተከትሎ ጓዳ የገባ ሰው የሚያገኘው የስፌት መኪናውን፣ ያልተዘመዘመ ቀሚስና ባዶ ወንበር ነው። ወጣቶቹ አንድ ሁለቴ ይዞሩና «እሺ፣ ከዛስ?» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን አንዲት ተማሪ ስትጫወት አባባ ሾፌር ከኋላዋ ቆመው ነበር። ግቢው ብቅ ሲል ኮፍያቸውን አወለቁ። በሩ ተከፈተ፣ ድምፁ «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ እሳቸው፣ ጮክ ብለው።

ተማሪዋ በድንጋጤ ጆይስቲኩን ጣለችው። እኔም ልቆጣ ተነስቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቤቱ የራሳቸው ቤት ነው። መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል፤ መቼም ለሾፌር ከዚህ የባሰ ቀልድ የለም። ድምፁ የባለቤታቸው ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤቱ ከመፍረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ አረፉ። አባባ ሾፌር አሁን የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ደረጃው ብዙ፣ ግድግዳው ነጭ፣ የኔ የሚሉት ጥግ የሌለበት ቤት።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሆኑ። ወንበር አመጣሁላቸው። ሰው በገዛ ቤታቸው ውስጥ ሲዞር ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ዝም ማለት ግን አይሆንላቸውም። «በሩን ዝጋው እንጂ የኔ ልጅ፣ ንፋስ ይገባል» ይላሉ። «ያንን ብርጭቆ ከነበረበት መልሺው።» አንዳንዱ ጎብኚ እሳቸውም የሥራው አካል መስለውት ፎቶ ያነሳቸው ነበር።

ጆይስቲክ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልካቸውን ያን የሚያክል አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ያሽከረከሩ ሰው የራሳቸውን ግቢ መግባት አቅቷቸው ከአጥር ጋር ሲላተሙ ማየት ነበር። «ይሄ ነገር ፍሬን የለውም» ይላሉ። «አባባ፣ አውቶቡስ አይደለም እኮ፣ እግርዎ ነው» እላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ ለመዱት። አጥሩን ማረሳቸውን ትተው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ «ማነው?» ስትላቸው «እኔ ነኝ» ይላሉ። ጓዳ ግን አይገቡም። ባዶውን ወንበር ማየት አልፈለጉም።

«ቁልፍ የያዝኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ እያወቀች ሁልጊዜ ማነው ትላለች» አሉኝ አንድ ቀን። «ደክሞኝ ስገባ ያናድደኛል። ሌባ ነኝ እላታለሁ። እንግዲያው ድስቱን ውሰድልኝ፣ አልታጠበም ትለኛለች።» ሳቁ። ሳቁን ሳይጨርሱት ዓይናቸው ሞላ። «ናፈቀችኝ» አሉ፣ እንዲሁ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። እሳቸው ካሉ መልስ አለ፤ እሳቸው ከሌሉስ? «እኔ ቤቴ ተኝቼ፣ እሷ እዚህ ቀኑን ሙሉ ማነው፣ ማነው ስትል ትውላለች» አሉኝ። «ሰው ቤት ተገብቶ ዝም ይባላል? ድምፄን አስገቡልኝ። እኔ ነኝ የምትለዋን ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ኃላፊው ዘንድ ወሰድኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ቃል በላይ ሲናገር ሰማሁት። «አባባ፣ ይሄ እንደ ሥዕል ነው። ከሠሪዋ በቀር ማንም እጁን አያስገባበትም። እሷ ካለች ግን ዛሬውኑ ይደረጋል።»

እዚያው አጠገቤ ቆመው ለልጃቸው ደወሉ። የሰማሁት የሳቸውን ወገን ብቻ ነው። «ሁለት ቃል እኮ ናት... ለምን?... ምክንያቱን ንገሪኛ... እሺ። እሺ አልኩሽ።» ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «እምቢ አለች» አሉ። «የሠራሁትን አትንኩብኝ አለች። የገዛ ሚስቴን።» ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ፤ በዚያው ጠፉ።

ባዶ ወንበራቸውን አይ ነበር፣ ልቤ ቅር እያለው። ድምፁ «ማነው?» ባለ ቁጥር ጆሮዬ መልሱን ይጠብቃል። አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር እኔው ራሴ ልመልስ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ይሄ ነገር ጥበብ ይሁን አይሁን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ፎቅ ላይ ካሉት ሥዕሎች ፊት ግን ያን ሁሉ ጊዜ ቆሜ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ኤግዚቢሽኑ ሊዘጋ ሲቃረብ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ቁርጥ አባቷን ናት፤ ቁመቷም፣ ኩርፊያዋም። እንደተጣሉ ያስታውቃሉ። ከወንበሩ ግራና ቀኝ ቆሙ። እሷ ቴሌቪዥኑን አታይም፣ ወለሉን ነው የምታየው።

«እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ ልትነግሪኝ አይደል? ንገሪኝ» አሉ።

«ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አለች። «ከእማዬ ጋር በስልክ ስናወራ ቀድቼው ነው። አንተ ከሥራ ገባህ፣ እሷ ማነው አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያንተ ድምፅ አለ፣ ሌባ ነኝ ስትል። ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። አንተ በየቀኑ መልሰህላታል፣ አባዬ። እኔ ግን እሷ ስትታመም በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ ይቺን ሥራ ልጨርስና እመጣለሁ ስል...» ቆም አለች። «በሩን ከፍቼ ስገባ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ማነው ያለኝ የለም። ያቺን ክፍት ቦታ ለራሴ ነው የተውኳት። እኔ ስገባ እንድትጠይቀኝ።»

አባባ ሾፌር ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

«ታዲያ ገብተሻል?»

«አንድም ቀን። ስሠራው እንኳ ድምፁን ዘግቼ ነበር የምሞክረው።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ቁጭ በይ» አሉና ጆይስቲኩን አንስተው ሰጧት። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፤ በዓይኔ አባረርኳቸውና የክፍሉን በር ገርበብ አደረግኩት። ደንብ አይፈቅድም። ይፍቀድ አይፍቀድ ግን ያን ጊዜ ግድ አልሰጠኝም።

ግቢውን አቋረጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣቷ የጆይስቲኩ ቁልፍ ላይ ሆኖ አልጫን አለ። አባቷ «ግቢ» አላሏትም፣ አልገፏትም፤ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት። ከፈተችው።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማነው?» አሉ እናትየው።

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ቃል ግን አልወጣትም። እኔ ዓይኔ ከሽማግሌው ላይ ነበር፤ ያቺን ጥያቄ ሳይመልሱ አሳልፈው አያውቁም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አሉ።

«ልጅሽ ናት» አሉ። «መጥታለች።»