ከወዲያኛው ዳር የሚነሡት ወፎች

ብየዳ ቤታችን ውስጥ ሽመላ የምንለው ሰው ነበር። ስሙን ያወጣለት የእግሩ ርዝመት ነው፤ በጠባዩ ቢሆን ሌላ ስም ባወጣንለት ነበር። እጁ ከአፉ ይቀድማል። አንዴ አንድ ደንበኛ "በሬን አንሻፈህ በየድከው" ብሎ ቢሰድበው፣ ማጅራቱን ይዞ ከዚያው በር ጋር አላተመው። በሩ ግን እውነትም ተንሻፎ ነበር።

ይህ ሰው ወፍ ሲያይ በግ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከሩቅ አገር የሚሰደዱ ወፎች ከከተማው ጫፍ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ላይ ያርፋሉ፤ ዳክዬዎች፣ ጭቃውን በረጅም መንቆራቸው የሚወጉ ቀጫጭን የውሃ ዳር ወፎች። ሽመላ ከሥራ ሲወጣ ፊቱን ሳይታጠብ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል። አንዳንዴ እከተለዋለሁ። የኔ ጉዳይ ወፎቹ አልነበሩም፤ ሽመላ ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየት ራሱ ትርኢት ነው። እዚያም ቢሆን ግን ሰላም የለም። ጭልፊት ከላይ ይወረወርና አንዷን ጭቃው ላይ ደፍቶ፣ ገና እየተንፈራገጠች ደረቷን ይገነጥለዋል። ሽመላ ዓይኑን አይነቅልም። "እሱም መብላት አለበት" ይላል።

አንድ ዓመት ወፎቹ የወዲያኛው ዳር አልመቻቸው አለ። ያርፋሉ፤ አመሻሽ ላይ በአንዴ ግር ብለው ይነሣሉ። በዚያ በኩል የሽመላ ታናሽ እህት ጓሮ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ እዚያ ትኖራለች። በዚያው ሰሞን ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ብየዳ ቤት መጥታ፣ "ወድቄ ነው" ብትለው፣ "ዓይንሽን ከፍተሽ አትሄጂም?" ብሎ ቀለደባት።

"ወፎቹን የሚያስነሣ ትልቅ ጭልፊት መጥቷል" አለኝ ሽመላ አንድ አመሻሽ ኩሬው ዳር፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት። "ዛሬ ሳላየው አልሄድም።"

ወፎቹ ተነሡ። ሽመላ ሰማዩን በመነጽሩ አሰሰ፤ ምንም የለም። ወደ ታች ዝቅ አደረገው። የእህቱ ጓሮ ላይ ሲደርስ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። መነጽሩን ነጥቄ አየሁ። እህቱ ወደ ውሃው ትሮጣለች፣ ሾፌሩ ከኋላ ደርሶ በፀጉሯ ያዛት። ፊቷን ጭቃው ውስጥ ይደፍቃል፣ ያወጣታል፣ መልሶ ይደፍቃል። እኛ ዘንድ ምንም አይሰማም።

ዞር ስል ሽመላ ኩሬው ውስጥ ነው። በዚያ ሽታ፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ ደረቱ እየሰመጠ በቀጥታ ሄደ። እኔ በመንገዱ ዞሬ ስደርስ ሾፌሩ ላይ ተቀምጦ በቡጢ ይወቅጠዋል። የሰውየው አፍንጫ ተሰብሯል፣ ጥርሱ ከደሙ ጋር በአገጩ ይወርዳል። "በባልና ሚስት መሐል ምን ጥልቅ አደረገህ!" ይላል፣ በዚያ አፉም። ሽመላ ድንጋይ አነሣ። እጁን ጠምዝዤ ባላስጥለው ኖሮ ገድሎት ነበር፤ ለውለታዬ በክርኑ ቅንድቤን ተረተረው።

እህቱ ውሃው ዳር ተቀምጣ ጭቃ ትተፋለች። ሽመላ ተንበርክኮ ሊያቅፋት ሲል፣ ደም የነከረውን እጁን አይታ ሸሸች።

"እኔ ነኝ እኮ፣ እህቴ፣ እኔ ነኝ" አለ እያለቀሰ።

"አውቃለሁ" አለችው። "ሁልጊዜ ማዶ ተቀምጠህ አይሃለሁ። ሲመታኝ ወደ ውሃው የምሮጠው እንድታየኝ ብዬ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።"