የአገርነሽ ማድረቂያ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርመናዊ መካኒክ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ዕቃውን ለሠራተኞቹ ትቶ ሄደ። ሠራተኞቹ ዕጣ ተጣጣሉ። ፈትል ክፍል የምትሠራው አገርነሽ ልብስ ማድረቂያው ደረሳት።

"ማጠቢያ ነው?" አሏት።

"አያጥብም። የታጠበውን ያደርቃል።"

"ፀሐይስ?"

ጊዜው ጥር ነበር፤ ፀሐይ ሞልቷል።

ቤቷ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ የቀበሌ ቤት ነበር፤ አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። የምትኖረው ከባሏ ከደሞዝና ከሕፃን ልጃቸው ከአደይ ጋር ነው። ደሞዝ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ማሽኑ በጋሪ ሲመጣ ደሞዝ ዙሪያውን አየና፣ "የት ሊቀመጥ ነው?" አለ። ብዙ ከተገፋና ከተሳበ በኋላ ከአልጋውና ከበሩ መካከል ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። ሰው በጎኑ ይገባል። ወፍራሟ ጎረቤታቸው ደጅ ቆማ መጫወት ጀመረች።

አገርነሽ ማሽኑን ዳንቴል አለበሰችው፤ ላዩ ላይ ሬዲዮ አስቀመጠች። እስከ ሰኔ ድረስ ጠረጴዛ ነበር።

ሐምሌ ገባ። የአደይ የሽንት ጨርቆች ከአልጋው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ተሰቅለው ሳይደርቁ ይሸታሉ። አገርነሽ እርጥብ ቱታ ለብሳ ፈረቃ ትገባለች። አንድ ቀን ሬዲዮውን አነሳች፣ ዳንቴሉን አጠፈች፣ ማሽኑን ሰካች። የግቢው መብራት ሁሉ ደበዘዘ። ጨርቆቹ ደረቁ፤ ቤቱ ግን ረጠበ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ እየተላጠ ወረደ። ስለ እርሻ ዘመቻ የተደረገ የሊቀመንበሩ ሙሉ ንግግር አልጋው ላይ ተኛ። ደሞዝ በሩን ቆልፎ፣ ሊጥ በጥብጦ፣ ንግግሩን ቃል ሳያጎድል መልሶ ለጠፈው።

በማግስቱ አገርነሽ ግድግዳውን በስታ የማሽኑን ቱቦ ወደ ውጭ አወጣችው።

"ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ" አለ ደሞዝ።

"አንተ በጎንህ ትወጣለህ። እሱን ለማውጣት በሩን መንቀል ይኖርብናል።"

ደሞዝ ግን ነገሩን አስቦበት ነበር። ከዱርቤቴ ወዲያ የሚኖር አዘዘ የሚባል ገበሬ አግኝቷል። በአዘዘ ሰፈር መብራት የለም። የፈለገው የማሽኑን የብረት ሆድ ነው፤ አይጥ የማይበሳው የዘር ማስቀመጫ። በምትኩ ብስክሌት ይሰጣል። ቅዳሜ ይመጣል።

"ብስክሌት የሽንት ጨርቅ ያደርቃል?" አለች አገርነሽ።

"ጨርቁን ይዘሽ ብትነጂው ያደርቃል።"

አልሳቀችም። ማሽኑ ከሄደ እስከ መስከረም ድረስ የልጇን ጨርቅ ሆዷ ላይ አድርጋ በገላዋ ሙቀት እንደምታደርቅ ታውቃለች። ሌሎቹ እናቶች የሚያደርጉት ያንን ነው።

"አባትህ ዐርብ ይመጡ የለ? እሳቸው ይፍረዱ" አለችው።

ደሞዝ ወዲያው ተስማማ። አባቱ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። ሬዲዮ ሲከፈት እንኳ ተነሥተው ይወጣሉ።

ዐርብ ከሰዓት አባቱ መሪጌታ ገብረ መስቀል ደረሱ። ጀልባው ላይ ዝናቡ ከላይ፣ ሐይቁ ከታች አግኝቷቸዋል። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ አንድ ሰው ያህል ይከብዳል። ማታ ማኅሌት አለባቸው፤ ያለ ጋቢና ያለ ጥምጥም አይቆሙም።

"ይስጡኝ አባባ" አለች አገርነሽ።

"ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?"

"ማሽኑ አዙሮ ያደርቀዋል።"

መሪጌታ ማሽኑን አዩት። "እኔንም ጀልባው ሲያዞረኝ ነው የዋለ። አልደረቅሁም።"

ቢሆንም ሰጧት። እሳቸው አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ተጠቅልለው ተቀመጡ። አገርነሽ ቸኩላ ነበርና ጋቢውንና ጥምጥሙን አንድ ላይ ከተተችው። ማሽኑ ጥቂት ዞሮ ይደልቅ ጀመር። ስትከፍተው ጥምጥሙ በጋቢው ላይ ተጠምጥሞ፣ ጋቢው በጥምጥሙ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱ አንድ ወፍራም ገመድ ሆነዋል።

ደሞዝ አልጋው ላይ ተደላደለ። "እንግዲህ ማሽኑ ይውጣ አይውጣ፣ ይፍረዱ አባባ።"

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። ክንዱ የሚባለው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር። በጎኑ ሲገባ ጠመንጃው በሩ ላይ ተጋደመበት። ወጥቶ አስተካክሎ እንደገና ገባ።

"ጓድ ደሞዝ፣ አረቄ ታወጣላችሁ ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"ሰፈሩ በሙሉ። ቱቦ በግድግዳ ወጥቷል። ቱቦው ይተነፍሳል። ትክክለኛ አረቄ አውጪ እንኳ ቱቦውን ይደብቃል፤ እናንተ ወደ መንገድ አዞራችሁት።"

ክንዱ ቤቱን ቃኘ። ጋን የለም። አበባ የለበሱ ሽማግሌ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ የጥምጥሙን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ይዘው፣ ገመዱን ይፈታሉ።

"እኒህስ?"

"አባቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው።"

ክንዱ ቆቡን አወለቀ። ማሽኑን በእጁ ነካ። እጁን አነሣ። መልሶ አስቀመጠ፤ አላነሣውም። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ላይ ነው የዋለው።

"ካፖርትስ ይችላል?" አለ ዝግ ብሎ።

"ብቻውን ከገባ ይችላል" አለች አገርነሽ። ጥፋቷ ገብቷት ነበር።

ካፖርቱ እስኪደርቅ ክንዱ የጥምጥሙን አንድ ጫፍ ይዞ ያግዝ ጀመር። ቤቱ ግን ለጥምጥሙ አልበቃም። ክንዱ እየሳበ በበሩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ደረሰ፤ መሪጌታ ሌላውን ጫፍ ይዘው አልጋው ላይ ቆሙ። ደሞዝ ከመካከል ቋጠሮ እንዲፈታ ታዘዘ።

ከዚያ ሁሉም በየተራ ደረቀ። መሪጌታ ትኩሱን ጋቢ ደረቡና አንገታቸው ድረስ ሳቡት።

"አጥሯል አባባ፤ ይዩት፣ ጉልበትዎ ላይ ቀርቷል" አለ ደሞዝ።

"እኔም ከዓመት ዓመት እያጠርሁ ነው። ተስማምተናል።"

ወደ ማኅሌቱ ሄዱ። ፍርዱን ግን አልሰጡም። አገርነሽ አደይን ታቅፋ አደረች፤ ደሞዝ ብስክሌቱን የት እንደሚያስደግፍ ሲያስብ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት አዘዘ ብስክሌቱን ከአውቶቡስ ጣሪያ አውርዶ እየገፋ መጣ። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ጀርባቸውን ማሽኑ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ውስጡ የአደይ ጨርቅ ይዞራል።

"አባባ፣ ይነሡልን። ሰውየው ሊወስደው መጥቷል።"

"አልነሣም" አሉ መሪጌታ። "ጉልበቴ በክረምት ማኅሌት ላይ ዝም ሲል ትናንት የመጀመሪያው ነው። ሊቃውንቱ ሁሉ ጋቢዬን ሊነኩ ሲጠጉኝ አደሩ። ይህ ዕቃ አይወጣም። እኔም እስከ መስቀል አልወጣም።"

አገርነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"የት ይተኛሉ?" አለ ደሞዝ።

"አልጋው ላይ።"

"እኛስ?"

"አንተ ጂኦግራፊ የምታስተምር አይደለህም? ቦታ ፈልግ።"

አዘዘ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆየና፣ "እንግዲያስ አይጧን ችዬ ልኑር" ብሎ ብስክሌቱን አዞረ። ደሞዝ ተከተለው። ቢያንስ እስከ መናኸሪያ እኔ እየነዳሁ ልሸኝህ ብሎ ለመነው። አዘዘ ከኋላ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ።

ደሞዝ በእግሩ ተመልሶ በጎኑ ሲገባ ከራሱ እስከ እግሩ ይንጠባጠብ ነበር። አገርነሽ እጇን ዘረጋች።

"ተራ ያዝ" አለችው። "የክንዱ ባልደረቦች ካፖርታቸውን ልከዋል።"