አረንጓዴዋ ገል

ልጅ እያለሁ ሰኞ ማክሰኞ የተጫወትኩባትን ገል፣ ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ በልጄ የኮሌጅ መጽሐፍ ላይ አገኘኋት። ሰሚራ መጽሐፉን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ትታው ነበር። እኔ ኤርፖርት ስምንት ሰዓት ሙሉ ዊልቸር ስገፋ ውዬ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሻይ ልጥድ ስል ዓይኔ አረፈባት። የልጅ መዳፍ የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ። ጥጓ ሸረፍ ብሏል። ያ ሽርፍ ባይኖር ኖሮ መመሳሰል ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን የሸረፈቻት ጓደኛዬ ከድጃ ናት፤ ተሸንፋ ተናዳ ድንጋይ ላይ ስትወረውራት።

ሰሚራን ጠርቼ መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«ይሄ? ይሄ ቻፕተር ስለ ሚስቴክ ነው። ሴትዮዋ ሙሉ ካሪየሯን በዚች ቁራጭ ላይ ቢልድ አድርጋ፣ በኋላ ሮንግ ሆነ። ሺ ዋዝ ሶ ኬርለስ፣ ማሚ» አለችኝና ፍሪጁን ከፈተች።

ኬርለስ። ግድየለሽ ማለቷ ነው። ስለ ሚስ ሂልዳ! ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው ነው የነቃሁት።

ሚስ ሂልዳ እኛ አገር፣ ይፋት፣ የመጡት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የጥንት ፍርስራሽ ቆፍረው የሚያጠኑ እንግሊዛዊት ናቸው። አባታቸው ባቡር ነጂ እንደነበሩ፣ ለትምህርትም የበቁት በስንት መከራ እንደሆነ ለአባባ አጫውተዋቸዋል። ከመንደራችን በላይ የፈረሰ መስጊድና የድንጋይ ቤቶች ነበሩ፤ ትልልቆቹ የጂን ሰፈር ነው እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ሚስ ሂልዳ እዚያ ድንኳን ተክለው በየዓመቱ በጋውን መቆፈር ጀመሩ። ወርቅ ፍለጋ ነው ብሎ ሲያማቸው የነበረ ሰው ሁሉ፣ ስባሪ ሸክላ በጥርስ ብሩሽ ሲያጥቡ ሲያይ አዘነላቸው። «ምስኪን፣ ባል ቢኖራት እንዲህ አትሆንም ነበር» ይሉ ነበር ሴቶቹ። እሳቸው አማርኛ ይሰሙ ስለነበር ይስቁ ነበር።

አባባ የቆፋሪዎቹ ካቦ ነበሩ። እኔና ከድጃ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ገል አጣቢዎች ሆንን። ከየጉድጓዱ፣ ከላይም ከታችም የወጣው አፈር የለበሰ ገል በየቅርጫቱ ይመጣልናል፤ ቅርጫቱ ላይ ገሉ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ የተጻፈባት ካርድ ታስራለች። በሳፋ አጥበን ሰሌን ላይ እናሰጣለን፣ ካርዷንም በጠጠር ጫን አድርገን ሰሌኑ ጫፍ ላይ እናስቀምጣለን። ገሉ ውኃ ሲነካው የመጀመሪያ ዝናብ ይሸታል። እስካሁን ዴንቨር በሰኔ ካፊያ ሲጥል ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ሚስ ሂልዳ በሁሉም ነገር ይቀልዱ ነበር፣ በካርዷ ግን ቀልድ አያውቁም። በዚያ ኮልታፋ አማርኛቸው፣ «ገል ብቻውን ዲዳ ነው። ከቦታው ጋር ሲሆን ነው የሚናገረው» ይሉናል። አንዴ ነፋስ ሁለት ካርድ ስላቀላቀለ የሦስት ቀን ሥራ ሙሉ ሲጥሉ አይቻለሁ። እኚህን ሴት ነው ኬርለስ የሚሏቸው?

የሰኞ ማክሰኞ ገል እንዴት ያለ መሆን እንዳለበት የእኔ ዘመን ሰው ያውቃል። መንጠር የለበትም፤ ተንሸራቶ ከሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ማለት አለበት። የእኛ ሰፈር ስባሪ ሁሉ ሻካራ ነው። ያን ቀን ታዲያ አረንጓዴዋ ሰሌን ላይ በፀሐይ ስታብለጨልጭ አየኋት። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰች። ሚስ ሂልዳ በላንድሮቨራቸው ገበያ ወርደዋል፣ አባባ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። አንድ ዙር ብቻ ብዬ አነሳኋት።

አንድ ዙር አምስት ዙር ሆነ። እንዲህ ያለች ገል አይቼም አላውቅ፤ እንደ ሳሙና ትሄድልኛለች። በአንድ እግሬ አርብ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከድጃ «መኪና!» አለች። ሮጬ ሄጄ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰሌን ላይ አስቀመጥኳትና ሳፋዬ ሥር ቁጭ አልኩ። የተሳሳተ ሰሌን እንደሆነ እጄ ከእሷ ሳይላቀቅ አውቄዋለሁ። ነገ እመልሳታለሁ ብዬ ነበር።

ነገ አልደረሰም። ሚስ ሂልዳ ከመኪናው ወርደው እንደልማዳቸው በሰሌኖቹ መሐል ሲያልፉ ዳር ካለው፣ እኔ ገሏን ካስቀመጥኩበት ሰሌን ዘንድ ቆሙ። የዚያ ሰሌን ገል ከጉድጓዱ መጨረሻ፣ ከሁሉ በታች የወጣ፣ ከሁሉም የቆየ ነበር። ተንበረከኩ። ሲጋራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ያቺ ገል እዚያ ከተገኘች፣ የእኛ መንደር ነጋዴዎች ሰው ከሚያስበው ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ከባሕር ማዶ ይነግዱ ነበር ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

ያም ሆኖ አልፈነደቁም። መጀመሪያ አባባን ጠሩ። «ሰሌኑን የነካ ሰው አለ?» አሉ። አባባ ወደ ከድጃ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ያኔ አባባ፣ በሕይወታቸው በከንቱ ምለው የማያውቁት ሰው፣ «ወላሂ ማንም አልነካም» አሉ። ሚስ ሂልዳ ሦስቴ ጠየቁ፣ አባባ ሦስቴ ማሉ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብናገር አባቴን በሐሰት ያስማልኩ ልጅ ልሆን ነው። አፌን ዘጋሁ። ማታ አባባ እራት ላይ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ለእናቴ ስለ ግኝቱ ሲያወሩ፣ እኔ እጄን ታጥቤ ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፣ ሚስ ሂልዳም ሄዱ። እኛም በየፊናችን ተበተንን። አባባ መሐላቸውን ይዘው አረፉ፤ ለሳቸውም አልነገርኳቸውም።

የቀረውን ሰሚራ ከኮምፒውተሯ እያወጣች አነበበችልኝ። ሚስ ሂልዳ በዚያች ገል መጽሐፍ ጻፉ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ ስማቸው ገነነ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች መጥተው ጎን ለጎን ቢቆፍሩ ከታች አንዲት አረንጓዴ ገል እንኳ አጡ። መሳቂያ ሆኑ። እሳቸው ግን እስከ ጡረታ ድረስ «ካቦዬ ምሎልኛል፣ አልዋሸም» እያሉ ተከራከሩ። የሚጠብቁትን ማዕረግም ሳያገኙ ወጡ። የድሮውን መጽሐፋቸውንም ሰሚራ አገኘችው። መጀመሪያው ገጽ ላይ የምስጋና ቃል አለ፣ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ ገሏን በትንንሽ እጆቿ ላጠበቻት ለፋጡማ።

«ማሚ፣ ይሄ አንቺ ነሽ?»

ነገርኳት። ልጄ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሰሚራ ኮምፒውተሯን ከደነችና፣ «ኪድ ነበርሽ እኮ» አለች። እሱ ልክ ነው። ግን የአስር ዓመቷ ልጅ አድጋ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት ሞላት፤ ያኔስ ማን ከለከላት? ከዚያ ቀን ወዲህ ከለንደን በረራ ሲያርፍ የዊልቸር ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ተቀብዬ መጀመሪያ የምፈልገው የሚስ ሂልዳን ስም ነው። ነጭ ፀጉር ያላቸው እንግሊዛዊት ስገፋ ወደ ፊት ዞሬ መልካቸውን ሳላይ አልሄድም።

በመጨረሻ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ሰሚራ ተረጎመችው፣ ላስተማሩበት ዩኒቨርሲቲም አድርሱልን ብለን ላክነው። አባባ የማያውቁትን እንደማሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይህንንም ለፈለጉት ሰው ያሳዩ አልኩ። ክረምቱ አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ መልስ መጣ። ሚስ ሂልዳ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ የእህታቸው ልጅ ናት የጻፈችው። ስድብም ይቅርታም እየጠበቅኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰሚራ አነበበችልኝ።

አባባ እንዴት እንዳረፉ ጠይቀዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ሰሌኖቹ አምስት ነበሩ። ያነሳሻት ከየትኛው ላይ ነው? ከጉድጓዱ በኩል ስንተኛው? እሱን ከነገርሽኝ ገሏን ቦታዋ እመልሳታለሁ።»

ወረቀት አምጥቼ አምስት ሰሌን ሳልኩ። የከድጃ ቀሚስ ቢጫ ነበር። የሳፋው ዳር ተልጦ ነበር። የሳልነውን ሣጥን፣ የቆምኩበትን እግር፣ የገሏን ቅዝቃዜ ሁሉ አስታውሳለሁ። በማግስቱ ወጥቼ ልጆች በኖራ የሠሩት ሰኞ ማክሰኞ አጠገብ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰሌኑ አልመጣም። ያኔ አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም። አሁን ልናገር ብል አላውቅም።

ሰሚራ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳርፋ ትጠብቀኛለች። «ዊች ዋን፣ ማሚ? ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።