ጋሼ ታደለ የጠመቁት የስንዴ ቢራ

ከባሕር ዳር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ወረታ የሄድሁት ቢራ ለመቅመስ ነው። ሥራዬም ይኸው ነው፤ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ቀማሽ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ታደለ ጡረታ ወጥተው ወረታ ዳር፣ በአባታቸው ቦታ ላይ ይኖራሉ። አሜሪካ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ባመጣላቸው እርሾ የአሜሪካኖችን የስንዴ ቢራ ጠምቀው ነበር። «ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ሊቀምሱት ይመጣሉ፤ ከወደዱት አብረን አነስተኛ መጥመቂያ እንከፍታለን። ከእነሱ በፊት አንቺ ፍረጂልኝ» ብለው ደወሉልኝ።

ሚኒባሱ ሐሙሲት እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ማንም አላጉረመረመም። ከጉማራ ድልድይ በኋላ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነበር። የሩዙ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ከብቶቹ ደረቅ መሬት ፈልገው አስፋልቱ ዳር ተኮልኩለዋል። አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ በመስኮቱ እያዩ፣ «ዘንድሮስ በዝቶበታል፤ ሩዝም ቢሆን ይታፈናል» አሉ።

ወረታ፣ አራት ሰዓት ተኩል

መገንጠያው ላይ የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ባለባጃጁ መንገዱ ተበላሽቷል ብሎ የወትሮውን እጥፍ አስከፍሎኝ፣ ያም ሆኖ ግቢው ጋ ሳልደርስ አወረደኝ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ውዴ ናቸው። ስመውኝ ሳያበቁ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጠጋ አደረጉኝ።

«ታደለ ትኩሳት ይዞት ከተነሣ ወዲህ አፍንጫውም ምላሱም አይሠራም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወጥ ቢያርር አያውቅም። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኛል። ቢራውም ተበላሽቷል፤ እኔ ጥሩ ነው ብዬዋለሁ። አንቺም ጥሩ ነው በይው፣ ልጄ።»

«ቅዳሜ የሚመጡትስ ሰዎች?»

ክንዴን ለቀው ወደ ቤት አስገቡኝ።

ጋሼ ታደለ ከስተዋል። ምሳ ከቅምሻው በኋላ ነው አሉ፣ እንደ ድሮ ልማዳቸው። መጀመሪያ የእህታቸው ልጅ ከእርሾው ጋር ከአሜሪካ ያመጣላቸውን አንድ ጠርሙስ ቢራ ከፈቱ፤ መለኪያችን እሱ ነው። ገለባ መሳይ ቢጫ፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ። ትኩስ ዳቦ ይሸታል፤ ከዳቦው ኋላ የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። አፍ ላይ ቀላል ነው፣ ምሬቱም ጥቂት። እንዲህ ያለ ቢራ ጉድለት የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ቀጥለው የራሳቸውን ቀዱልኝ። መልኩ ያማረ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን የቆየ ቅቤ ሸተተኝ፤ ስጎነጨው ኮምጣጤ ሆነብኝ።

ጋሼ ታደለም ጎነጩ። «ብርቱካኑ ወጥቷል፣ አይደል?» አሉ።

እትዬ ውዴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ጋሼ ግን በጀማሪነቴ፣ አለቃ ደስ እንዲለው ብዬ የጻፍሁትን ፍርድ ፊቴ ላይ የቀደዱ ናቸው።

«ጋሼ፣ ብርቱካን የለውም» አልሁ። «ቅቤ ቅቤ ይላል። ኮምጥጧልም። ለሰዎቹ አይቅረብ።»

ብርጭቆውን መልሰው አነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወደ በሩ ዞሩ።

«ውዴ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስንት ቀን ፊትሽ ተቀምጬ ጠጣሁት እኮ!»

እትዬ ውዴ አለቀሱ። ጋሼ ስልካቸውን አንሥተው ለሰዎቹ ደወሉ። «አትምጡ፤ አፍንጫዬ ጠፍቷል» አሏቸው። ከቤታቸው ውጭ ላለ ሰው ይህን ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። የቀረበልንን የሩዝ እንጀራ ሦስታችንም በቅጡ አልነካነውም።

ባሕር ዳር፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥሁ። እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትሁም። ነገር ግን ቢራውን እንደ ፋብሪካ ናሙና በአንድ ትንፋሽ ነው ውድቅ ያደረግሁት፤ ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። መቅመሱን ተምሬ መናገሩን አለመማሬን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው።

እሑድ እትዬ ውዴ ደወሉልኝ። በርሜሉን ጋሼ በገዛ እጃቸው ደፍተውታል።

«አሁን ሁሉን ይጠይቀኛል» አሉኝ። «ወጡ ምን ይሸታል፣ ጎርፉ ምን ይሸታል ይለኛል። እነግረዋለሁ። ትናንት ‹የበሰበሰ ሣር ይሸታል› ስለው፣ ‹እሱን አስታውሰዋለሁ› አለኝ።»