ለልጁ የሰፋው ፍራሽ

ፍራሽ አዳሹ በዚህ ዓለም የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የልጁ ፍራሽ ነበር። ደንበኛ ፍራሹን አምጥቶ አዲስ ጥጥ ሲያስሞላ አሮጌው ጥጥ ለአዳሹ ይቀራል፤ የሙያው ወግ ነው። እሱም ከየሰዉ ጥጥ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠ፣ በዱላ እየነደፈ፣ ልጁ ስትወለድ ወፍራም ፍራሽ ሰፋላት።

"የሀብታም ልጅ እንኳ እንዲህ አይተኛም!" ይል ነበር።

ልጅቱ ግን መች ተኛች! ክርኗና የጉልበቷ እጥፋት በችፌ ቆስሎ ስታክ ታድራለች። ጠዋት አንሶላው ላይ ደም ይታያል።

"እንቁላል እየበላሽ ጡት ስለምታጠቢያት ነው" አላት ሚስቱን። እንቁላል ተወች። "እንግዲያው ወተቱ ነው" አለ። ወተትም ተወች። በኋላ፣ "የእናትሽ ዘር ነው። በእኛ ወገን ቆዳው የሚላጥ የለም" አለ። ሚስቱ ከስታ እንጨት አከለች።

ቢቸግራቸው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ነርስ የልጅቱን ክርን አየች፤ ቀጥላም የአባትየው ኮት ላይ የተለጠፈውን ብናኝ።

"ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?"

"ፍራሽ አድሳለሁ፣ እማማ።"

"እሷስ ምን ላይ ትተኛለች?"

ፊቱ በራ። "እሷማ ንግሥት ናት!" ብሎ ጥጡን ከማን ከማን እንደሰበሰበው ሳይቀር ተረከላት።

ነርሷ አልሳቀችም። "ችፌ መነሻው ብዙ ነው፤ በዘርም ይመጣል። አቧራና በዓይን የማይታይ የፍራሽ ተባይ ግን ያባብሰዋል። አንተ የሰው ሁሉ አቧራ ላይ ነው ያስተኛሃት። አውጣው። ከሥራ ስትመለስም ሳትታጠብ እንዳታቅፋት።"

ቤት እንደደረሱ ፍራሹን ደጅ ጎትቶ በመቀስ ተረተረው። አቧራው ቡን ብሎ አስነጠሰው።

"ከየት አውቄ?" አለ ዞር ሳይል።

"እኔስ አውቄ ነበር?" አለች ሚስቱ። "ዓመት ሙሉ ስትፈርድብኝ ግን ነርስ አልጠየቅክም።"

ነርሷ የሰጠቻቸው ቅባት ታክሎበት ቁስሉ እያደር ደረቀ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ ልጅቱ እጆቿን ዘርግታ እየተንገዳገደች ወደ እሱ ሮጠች። ጎንበስ ሲል እናትየው የልጅቱን ቀሚስ ከኋላ ያዝ አደረገች።

"ቆይ የኔ እናት። መጀመሪያ ያ ቆዳው የማይላጠው የአባትሽ ወገን ይታጠብ።"

ባልዲውን አንስቶ ወጣ፤ የልጅቱ ለቅሶ እስከ ቧንቧው ድረስ ተከተለው።