ማስቲካውን ያወቀው ሳጥን

በሎስ አንጀለስ እኔን የሚያስደነግጥ ማሽን ገና አልተሠራም። ትናንት ግን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ በልቼ ድራይቭ ሳደርግ ራዳር ዲቴክተሬ ሲጮህ የመኪናዬን ጣሪያ በአናቴ ልበሳው ምንም አልቀረኝም።

ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ አደረገኝ። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። የፖሊስን የፍጥነት መለኪያ ራዳር ከሩቅ የሚያውቅ እንዲህ ያለ ጥቁር ሳጥን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ «እኔ ያላየሁትን እሱ ያያል» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሱፐርማርኬት ማስቲካ ሰርቄ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ በዚያው ሱቅ በር ስናልፍ ሳጥኑ ጮኸ። ቀያይ መብራቶቹ አንድ በአንድ እየበሩ ሲጨምሩ፣ ሰማይ ራሱ ጎንበስ ብሎ ኪሴን የሚያይ መሰለኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ! ማስቲካውን እኔ ነኝ የሰረቅኩት!»

አባቴ ድምፅ ማጥፊያውን ተጭኖ ትክ ብሎ አየኝ።

«የሱቁ አውቶማቲክ በር እኮ ነው የሚያስጮኸው። ሳጥኑን ሁልጊዜ ያሳስተዋል» አለና ፓርክ አደረገ። «በል ውረድ፣ መልስ!»

መለስኩ። ግን ከአባቴ ይልቅ ሳጥኑን አመንኩ።

ትናንትም ሲጮህ ያየሁት ፍጥነቴን ሳይሆን ኪሴን ነው። ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ያነሳኋቸው ስድስት የስኳር ፓኬቶች ነበሩበት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለቤቴ ስኳር ገዝቼ አላውቅም።