ሙሉውን የያዘ ማን ነው

አዋላጇን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ምጥ የያዛትን ሴት እጇን ይዛ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ስትል ስለምትውል፣ አንዷ ወላድ ሕመሟ ጋብ ሲልላት «እትዬ ቀስ በይ» አለቻትና ቅጽል ስሙ ተጣብቆ ቀረ። የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ «እትዬ ቀስ በይ ገብታለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳይስቅ ነበር የሚመልሰው።

ድምፅዋ ወፍራም ነበር። ልጅ ሳለች፣ ቤት ውስጥ ሲዘፈን «አንቺ ብቻ አጨብጭቢ» ትባል እንደነበር ታናሽ እህቷ እየሳቀች ታወራለች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን ያ ድምፅ ሌላ ነገር ነበር። ጩኸትና ግርግር መሀል ሲገባ፣ የሚሯሯጡት ነርሶች ይረጋጋሉ፣ ወላዷም ትንፋሿን ትሰበስባለች። ቀስ በይ ባሏ ሞቶባት፣ የራሷ ልጅ ሳትወልድ፣ ከዚሁ ከታናሽ እህቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖር ነበር። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ደም ማየት ቀርቶ ወሬውም አይሆንላትም፤ ቀስ በይ የሥራ ጨዋታ ከጀመረች «እባክሽ፣ እህል እየበላን ነው» ብላ ታቋርጣታለች።

ጡረታዋ ሲቃረብ ሆስፒታሉ አስተማሪ አደረጋት። ከትምህርት ቤት ወጥተው ሩቅ ጤና ጣቢያ የሚመደቡ ልጆች መጽሐፉን ያውቁታል፤ ሴትዮዋ ፊታቸው መድማት ስትጀምር ግን እጃቸው ይተሳሰራል። ቀስ በይ እየዞረች ታሳያቸው ነበር። መንገዱ እየከፋ፣ ጉልበቷም እየከዳት ሲመጣ፣ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ትምህርቱ ለምን በቪዲዮ አይቀረጽም አለ። ይህ ሰው ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» ይባላል። ባዶ ክፍል ተፈለገ፤ እህቷ እያጉረመረመችም ቢሆን የጨርቅ አሻንጉሊትና ከቀይ ገበር የተሰፋ ማኅፀን ሠራችላቸው። ስትሰፋው ፊቷን ዞር አድርጋ ነበር ይባላል፤ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልተጣመመም።

ችግሩ መላኩ ላይ መጣ። ቪዲዮ ከባድ ነው፤ የሆስፒታሉ ኢንተርኔት ደግሞ፣ ሽቦ እንደሚለው፣ የሽማግሌ ሽንት ነው፤ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ያስምጣል። ጣቢያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ትምህርቱ ያለበትን አንዱን የሆስፒታሉን ኮምፒውተር ሲጠይቁት ይታነቅና ለማንም ሳይሰጥ ይውላል። ሽቦ ሌላ መላ ይዞ መጣ፤ እሷም ካልገባኝ አልፈቅድም ስላለች፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ አስረዳት።

ትምህርቱ እንደ ዳቦ ይቆራረጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭም መለያ ምልክት ይደረግለታል። አንዱ ጣቢያ ከፊት ያለውን ቁራጭ ይወስዳል፣ ሌላው ከመሀል፣ ሌላው ከጫፍ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ሆስፒታሉ ዞረው ከሚጮኹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ ይኼ አለኝ፣ ያኛው የለኝም እየተባባሉ ይለዋወጣሉ። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይከፈት እንጂ ሰው አጠገቡ መቀመጥ የለበትም። መንገድ ላይ የተበላሸ ቁራጭ ቢመጣ ምልክቱ አልገጥም ይላል፤ ያኔ ይጣልና ከሌላ ይጠየቃል። ሌላው ነገር ሁሉ ወሳጁ ሲበዛ ያልቃል፤ ይኼ ግን ወሳጁ ሁሉ ሰጪም ስለሆነ፣ ሰው ሲበዛበት ይብስ ይፈጥናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እሱ ነው» አላት።

ቀስ በይ አልተዋጠላትም። የሰው ፊልምና ዘፈን የሚሰረቀው በዚህ መንገድ ነው ሲባል ሰምታለች። «በስተርጅናዬ ሌባ ልታደርገኝ ነው?» አለችው።

«መንገዱማ አንድ ነው፣ ሌባም አዋላጅም ይሄድበታል። ይኼ የራስዎ ትምህርት ነው፤ እርስዎ ከፈቀዱ ማን ሌባ ይልዎታል?»

«እሺ፣ ሙሉውን የያዘው ማን ነው ታዲያ?»

ለጊዜው የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ነው፤ ኋላ ግን ወስዶ የጨረሰ ሁሉ ሙሉውን ይይዛል አላት። እንዲህ ሙሉውን ይዞ ለሌላው የሚያድለውን የሙያው ሰዎች ሲደር ይሉታል፣ ዘሪ እንደማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። ሁሉም የድርሻውን ወስዶ ከዘጋ፣ ቀስ በቀስ ሙሉውን የያዘ ይጠፋል፤ ማንም ሳያውቅ ነው የሚጠፋው። «ያኔ ሞተ ማለት ነው» አለ። እሷም ስልክ አንሥታ ለየጣቢያው ደወለች፤ ጨረስን ብላችሁ እንዳትዘጉት እያለች አንድ በአንድ ለመነቻቸው።

ሰው መጀመሪያ ሲነግሩት ይሰማል። ከሁሉም ይልቅ ቃሏን የጠበቀችው ከወንዙ ማዶ ባለው ጣቢያ የተመደበችው አዋላጅ ነበረች። ይህች ልጅ ተማሪ ሳለች መጀመሪያ ያየችው ወሊድ ላይ ራሷን ስታ፣ ቀስ በይ ከወላዷ እኩል እሷንም ያስታመመቻት ናት። ጣቢያዋ መብራት የለውም፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን በየጠዋቱ ከአቧራ እየወለወለች ኮምፒውተሩን ክፍት ታውለው ነበር። በስልክ ስታወራ «እትዬ፣ ለአገሩ ሁሉ የማድልዎት እኔ ነኝ እኮ» እያለች ትኮራለች።

ሌሎቹ ግን እየሰለቹ ሄዱ። አንዱ ጋ ጀነሬተር ተበላሸ፣ አንዱ ጋ ኮምፒውተሩ ለሪፖርት ተፈለገ፤ ሌላው ጋ ቦታ ጠበበ ተብሎ ተሰረዘ። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም። የመጨረሻው ትምህርት በወጣ ጊዜ ሙሉውን እስኪወስዱ የጠበቁት ጥቂት ነበሩ። ያ ትምህርት ከሁሉም የረዘመው፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ መድማት የሚያስረዳው ነው። ቀስ በይ እሱን ስትቀርጽ ድምፅዋ ይሻክር ጀምሮ ነበር፤ ብርድ ነው ብላ ናቀችው።

ብርድ አልነበረም። ሐኪሞቹ ዘግይተሽ መጣሽ አሏት፤ ነፍሷን ለማትረፍ የድምፅ ሳጥኗን ቆርጠው አወጡት። ከዚያ በኋላ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተበጀ ቀዳዳ ሆነ። እህቷ ከስስ ጨርቅ ሻሽ እየሰፋች ታለብሳታለች፤ እሷም በልብስ ሰፊ ጠመኔ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ትናገራለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትቆጣ አፏን ትከፍትና ምንም አይወጣም፤ ያኔ እህቷ ተነሥታ ጓሮ ሄዳ ታለቅሳለች።

እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ትምህርቱ የነበረበት ኮምፒውተር ለካርድ ክፍል እንዲሰጥ ታዘዘና ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠረገ። ሽቦ አልተጨነቀም፤ ጣቢያዎቹ ሁሉ ጋ አለ ብሎ ነበር። ጣቢያዎቹም ሆስፒታሉ ጋ አለ ብለው ነበር። ቀስ በይ ራሷ በፍላሽ የያዘችውን ለአንዲት ተማሪ አውሳ፣ ተማሪዋ ይዛው ሌላ ከተማ ገብታለች።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ስልኩ ተቋረጠ፤ ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉም።

ነገሩ ትንሽ በረድ ሲል ከአንድ ጣቢያ አዲስ አዋላጅ ለሽቦ ደወለች። እየተንተባተበች ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ከተገላገለች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ እጇ ላይ ሞተችባት። ከዚያ በፊት ስለ መድማት የሚያስረዳውን ትምህርት ልታየው ብትሞክር እንቢ ብሏት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጎዶሎ ነው። ሽቦ ፈትሾ ያየው ነገር ወገቡን ቆረጠው። የቀሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ ያላቸው ያንኑ፣ የጎደላቸውም ያንኑ ነው። የሚለዋወጡት የላቸውም።

ቤቷ ሄዶ ነገራት። ቀስ በይ ጠመኔዋን አንሥታ «ማን አጠፋው?» ብላ ጻፈች።

«ሁላችንም» አለ ሽቦ። «እኔ እነሱ ይይዙታል ብዬ፣ እነሱ ደግሞ ሆስፒታሉ ይይዘዋል ብለው።»

ሌላ አስተማሪ ለምን አይቀርጸውም ተብሎ ነበር። አንድ ሐኪም ሞከረ፤ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አነበበውና የሰማው ሁሉ አዛጋ። ሽቦ ተስፋ አልቆርጥ ብሎ አሮጌ ላፕቶፕ ጠግኖ፣ ጎዶሎውን ትምህርት ጭኖ እህትየው የስፌት መኪና አጠገብ አስቀመጠው። ሙሉውን የያዘ አንድ ሰው ከየትም ይሁን ቢከፍት፣ ፕሮግራሙ ራሱ አግኝቶት ይጠይቀዋል አለ።

ከእለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቷ ቀሚስ እየሰፋች ሳለ ቀና ስትል፣ ትምህርቱ ምን ያህል እንደመጣ የሚያሳየው፣ ደርቆ የኖረው መስመር ሲንቀሳቀስ አየች። ስፌቱን ጥላ ተጣራች። ቀስ በይ ከጓዳ ወጥታ ላፕቶፑ ፊት ተንበረከከች። መስመሩ ይገፋል፤ ቁራጭ በቁራጭ እየመጣ ነው። ሙሉውን ይዛ የቀረችው ከወንዙ ማዶ ያለችው አዋላጅ ብቻ እንደሆነች እሷ ታውቃለች። ሰሌዳውን ስባ «እሷ ናት። በሕይወት አለች» ብላ ጻፈች። እህቷ እቅፍ አድርጋት ሁለቱም አለቀሱ፤ አንዷ በድምፅ፣ አንዷ ያለ ድምፅ።

ሽቦ ተጠርቶ እየሮጠ ደረሰ። ሰጪው ኮምፒውተር ያለበትን አድራሻ ሲያይ ከወንዙ ማዶ አይደለም፤ ከዋናው ከተማ ነው። ደስታቸውን አይቶ ቃል አልተነፈሰም። መስመሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ቁጭ ብለው ጠበቁ። እስከ ምሽት ጠበቁ። ያ ኮምፒውተር ተመልሶ አልመጣም።

እውነቱን ይዛ የመጣችው ከማዶ የተፈናቀለች አንዲት እናት ናት። ለሕክምና ሆስፒታል ገብታ ሳለ ቀስ በይ በሰሌዳዋ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ማንበብ ስለማትችል እህቷ አነበበችላት። የጣቢያውን አዋላጅ ታውቃት ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲሸሽ ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ላይ ነበረች፤ አዋላጇ ትቻት አልሄድም አለች። ሰዎች ሲመለሱ ሁለቱን እዚያው ሞተው አገኟቸው። ሕፃኑ አልተወለደም ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተረፈ ዕቃ የለም፣ መጋረጃው ሳይቀር ተወስዷል።

የቀረውን ሽቦ ሞላው። ኮምፒውተሩ ተሰርቆ ተሸጧል። ገዢው ዋናው ከተማ ቤቱ ወስዶ ከፈተው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፕሮግራሙ በራሱ ነቅቶ ለሚጠይቀው ሁሉ ማደል ጀመረ። ሰውዬው ምን እየሰጠ እንደሆነ አላወቀም። ሳይጠርገው አይቀርም። ቀስ በይ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሰሌዳውን ለብዙ ቀን አልነካችውም።

የተገኘውን ሽቦ ሲገጣጥመው ትምህርቱ ተከፈተ፤ መሀሉ ላይ ብቻ ስብርብር ይልና ይጠፋል። የጠፋው፣ አንዱ እጅ ከውስጥ ተጨብጦ፣ ሌላው ከሆድ ላይ ተጭኖ ማኅፀኑ የሚያዝበት ቦታ ነው። ቀስ በይ አንድ ጠዋት ተነሥታ ቀዩን ማኅፀን ከሣጥን አወጣች። እጇን ቀረጹ። ንግግሩን ሰሌዳ ላይ ጻፈችና ለእህቷ ዘረጋችላት። እህቷ «እኔ አልችልም፣ ታውቂያለሽ» አለች። ቀስ በይ ሰሌዳውን እንደዘረጋች ቆየች። እህቷ መጨረሻ ላይ አነበበችው፤ ደም የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ እየታነቀች፣ ሽቦ እንደገና እያስጀመራት፣ ጨረሰችው። አሁን ያንን ትምህርት የሚያይ ሰው ወፍራሙን ድምፅ ሲሰማ ይቆይና፣ ድንገት አንድ ቀጭን የፈራ ድምፅ ይገባል፤ ኋላ ወፍራሙ ይመለሳል።

በሽታው ወደ ሳንባዋ ወርዶ ቀስ በይ ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ለቀብሯ የወጣው ሰው መንገዱን ዘጋው፤ እሷ ያዋለደቻቸው አንዳንዶቹ አስከሬኗን ተሸከሙ። ሽቦ የታደሰውን ትምህርት ለየጣቢያው አዳረሰ፤ ያቺ ሴት እጇ ላይ የሞተችባት ልጅም ወሰደችው። እንዳትዘጉ ብሎ ለመነ፤ ሁሉም እሺ አሉት።

ላፕቶፑ አሁንም ስፌት መኪናው አጠገብ ነው። እህቷ ትምህርቱን ከፍታ ሰምታው አታውቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የምታበራው እሱን ነው፣ ሥራዋ ቢቸኩልም። ሽቦ ሰሞኑን ማን ክፍት እንዳለ ሊያይ ቢገባ፣ ሙሉውን ይዞ የሚያድለው የእሷ ብቻ ሆኖ አገኘው። ለጣቢያዎቹ ደወለ። ያነሡት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዷ ጀነሬተሩ ሲጠገን እከፍታለሁ አለችው።